የአንድ ሱቅ ሦስት ባለቤቶች

የእህቴ ልጅ ጠበቃ ናት። አንድ ቀን ምሳ ልጋብዝህ ብላኝ ፍርድ ቤት ድረስ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ መምህር ጊዜ አይቸግረውምና ቀድሜ ደርሼ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል፣ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጦ አየሁ። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዷል፤ የኮቱን ኮሌታ አቁሟል። መደበቁ ነበር፤ ግን አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትሮ ማውለቅ ረስቷል።

ያንን ሜትሮ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ጋሽ ሜትሮ እንላቸዋለን፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው ይቀበሉታል። እጃቸው የተባረከ ነው። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ያንተን ነው የማስቀድመው» ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ለመጣውም፣ ትናንት ለመጣውም፣ ባለፈው ክረምት ለመጣውም። እኔም ኮት ሰጥቻቸው ከርሜያለሁ፤ በጠየቅኳቸው ቁጥር ተራዬ አንደኛ ነው፤ ኮቱ ግን የለም።

ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ምነው በደህና?» አልኳቸው።

ደንገጥ ብለው ዞሩ። «መምህር... ኮትዎ እኮ አልቋል፤ እጅጌው ብቻ ነው የቀረው።»

«ለኮቱ አይደለም የመጣሁት። ደግሞ ለአንድ እጅጌ ብዬ ፍርድ ቤት አላቆምዎትም።»

አልሳቁም። ቀልድ የማያልፋቸው ሰው ስለሆኑ ነገሩ ከበድ እንዳለ ገባኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነበር እዚህ ጥግ የተሸጎጥኩት» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። «በስተርጅና ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት።»

«ከሰሱዎት እንዴ?»

«ለምስክርነት ተጠርቼ ነው። የጎረቤቴ የጫማ ሰፊው ልጆች ናቸው የጠሩኝ።»

ጫማ ሰፊውን አውቀዋለሁ። ሱቁ ከሳቸው ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር፤ ሁለቱ አብረው አርጅተዋል። ባለፈው ዓመት ታሞ ሞተ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አሉት፤ ሁለቱም «አባቴ ሱቁን የሰጠው ለኔ ነው» ብለው ተካሰሱና ሱቁ ታሸገ። ጫማ ለማሳደስ ሰጥተው ያልወሰዱ ሰዎች እስካሁን በዚያ በኩል ሲያልፉ በመስታወቱ አሻግረው ጫማቸውን አይተው ይሄዳሉ።

ስማቸው ሲጠራ ተነሡ። እኔም ክንዳቸውን ይዤ አብሬያቸው ገባሁ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ወንድምና እህት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመሃላቸው ግን ሌላ ሰው ተደላድሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለቱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ወንድየው ትንሽ ልጅ ሳለ የእህቱን ቦርሳ ከራሱ ቦርሳ ጋር ደርቦ ይሸከም ነበር። አሁን አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ሳያቸው ያቺ ቦርሳ ትዝ አለችኝ።

ዳኛዋ ለጋሽ ሜትሮ «ሟች በሕይወት ሳሉ ሱቁን ለልጄ ሰጥቻለሁ ሲሉ ሰምተዋል?» አለቻቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«ለየትኛው ልጃቸው?»

ጋሽ ሜትሮ የሜትሯቸውን ጫፍ ይዘው ጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። «ለወንዱ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ወንድየው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ለሴቷም ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ሜትሮ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «በአንድ ላይ ነው የነገሯቸው?»

«የለም፤ ለየብቻ ነው። አንዱ ሌላውን ሳይሰማ።»

«እውነተኛው ታዲያ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም ከአፉ የወጣ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

ዳኛዋ እንዲህ በየጆሮው የተባለ ነገር ኑዛዜ ተብሎ እንደማይያዝ ተናገረች። ውርስ አጣሪው ሥራውን እስኪጨርስ ሱቁ እንደታሸገ ይቆይ ብላም ቀጠሮ ሰጠች። ስንወጣ ወንድምየው እህቱን ሳያያት አለፈ። እሷ ግን ጋሽ ሜትሮ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ እንደ አባት ነበር የማይዎት። እሱን ደስ ለማሰኘት ብለው ነው እንዲህ የመሰከሩት?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት፤ ከዚያም የሚሄዱበት የጠፋቸው ይመስል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

የእህቴ ልጅ የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። ምሳው ቀረና ሦስታችንም ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ገባን። እሷ ሕግ የተማረች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ነገር ማለባበስ የማይሆንላት ልጅ ናት። እሳቸው ደግሞ በልምድ ያረጁ ሰው ናቸው። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን የምጽፈው ብዙ ወላጅ ከሁለቱ በአንደኛው አፍ የራሱን ነገር ይሰማል ብዬ ስለማስብ ነው።

የተፈጠረውን ስነግራት «አባባ፣ ይህ ሁሉ የመጣው ሰውየው ኑዛዜ ባለመጻፋቸው ነው» አለች በትሕትና።

«እናንተ የተማራችሁ ልጆች ወረቀት ካላያችሁ አታምኑም» አሉ። «ወዳጄ ቃሉ የታመነ ሰው ነበር። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን የተናገሩት ሁለት ነው። የትኛው እንዳይጠፋ ነው የወለዷቸው የሚጠፉት?»

ሽማግሌው ስኳር ያልጨመሩበትን ሻይ ማማሰል ጀመሩ።

«እሺ እሱስ ይሁን» አሉ። «ግን ልጄ፣ ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ሞትን በስሙ መጥራቱ ነው። አባቴ አልጻፈም፤ አያቴም አልጻፈም።»

«እሳቸውስ አልሞቱም?»

«ሞተዋል እንጂ፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

«ሳይጠሩት መጣ ማለት ነዋ።»

እኔ ሳቄን በሻይ ዋጥኩት። እሳቸው ግን አልተሸነፉም። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ እርጅናን አታውቂውም። ሽማግሌ የሚከበረው እጁ ላይ አንድ ነገር እስካለ ድረስ ነው። ዛሬ ጽፌ ለእገሌ ብል፣ ያልደረሰው ፊቱን ያዞርብኛል፤ የደረሰውም ቀኔን ይቆጥርልኛል። ዝም ካልኩ ግን ሁሉም ይጦረኛል።»

«አባባ፣ ኑዛዜ ስጦታ አይደለም። እስካሉ ድረስ ሱቁ የርስዎ ነው። ቢፈልጉ ይሸጡታል፣ ቢፈልጉ ያከራዩታል። ሐሳብዎ ከተለወጠ ደግሞ ኑዛዜውን በማግስቱ ሰርዘው ሌላ ይጽፋሉ። ለልኬት በላላ ክር የሚወሰወስ ልብስ አይደል የሚሠሩት? ደንበኛው ለብሶት ካልሆነ ክሩ ይፈታል። ኑዛዜም እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ገና እንደተወሰወሰ ነው።»

ይህ በሥራቸው በኩል ስለመጣ ሰሟት። «ይፈታል ትያለሽ?»

«ይፈታል። የሚጠነክረው ሰውየው ሲሞት ነው።»

«ቢሆንም» አሉ፣ «የሚዋደዱ ልጆች ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል? ኑዛዜ ለሚጣላ ቤት ነው።»

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ የጫማ ሰፊው ልጆች ይዋደዱ አልነበረም? ተማሪ ሳሉ አንድ ልጅ እህቴን ገፋት ብሎ ወንድምየው የተደባደበውን እኔ ነኝ የዳኘሁት። ዛሬ ግን ሰላም እንኳ አልተባባሉም። አባታቸውን ተቃቅፈው ሳያለቅሱ ነው ወደ ክስ የሄዱት።»

ይህን ስናገር ፊታቸውን አየሁ። ተቆጥተው አልነበረም። ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል፤ ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ማንሣት አቅቷቸዋል። ሻዩን ገፋ አደረጉት።

«እኔ ነኝ የመከርኩት» አሉ።

«ምን ብለው?» አለች የእህቴ ልጅ።

«ሲታመም አማከረኝ። ሱቋ አንድ ናት፤ ልጆቼ ሁለት ናቸው፤ እንዴት ላድርግ አለኝ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። ሞኝ አትሁን አልኩት። ለየብቻ ጥራቸውና ለወንዱም ላንተ ነው፣ ለሴቷም ላንቺ ነው በላቸው፤ ለሌላው እንዳትነግሩ በል፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ተሻምተው ያስታምሙሃል አልኩት። ደንበኛም የሚያዘው እንደዚህ ነው አልኩት።» የሜትሯቸውን ጫፍ ጎተት አደረጉ። «እሱ እንኳ አቅማምቶ ነበር። ውሸት አይሆንም ወይ ብሎኝ ነበር።»

«ችሎት ላይ ይህን ለምን አልተናገሩም?»

«አልተጠየቅኩማ።» ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፣ ለምን እዋሻለሁ፤ አፍሬ ነው።»

የሰው እፍረት ይጋባል። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ብርጭቆዬን ማዞር ጀመርኩ። የእህቴ ልጅ ግን እንደ ሐኪም ናት፤ ቁስሉን ካየች እስከ ሥሩ ሳታይ አትተውም። ለስለስ ብላ «ለመሆኑ እርስዎስ፣ አባባ፣ ለልጆችዎ ምን ብለዋቸዋል?» አለቻቸው።

ሻይ የሚቀዳው ሰው መጥቶ ብርጭቆዎቹን አንሥቶ ሄደ።

«ለሦስቱም ነው የነገርኳቸው» አሉ በመጨረሻ። «ሱቁ ያንተ ነው፣ ያንቺ ነው፣ ለሌሎቹ እንዳትነግሩ።»

ልጆቻቸውን ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ትልቁ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አምና ጠዋት ማታ ብሎ የሱቁን ጣራ የቀየረው እሱ ነው። ትንሹ ከሳቸው ጎን ተቀምጦ ይሰፋል፤ አንድ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ በደህና ደመወዝ ቢጠራው አልሄድም ብሏል። መካከለኛዋ ሴት ነርስ ናት። ባሏ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር እሷ አባቷ እግራቸውን ታመው ስለነበር ልጇን ይዛ ከሳቸው ጋር ቀረች። እግሩ ከዳነም በኋላ አልሄደችም። እኛ ሁላችን እንዴት ያለ የተባረከ ቤት ነው እንል ነበር።

«ያንተን ነው የማስቀድመው የሚሉት ደንበኛ» አለች የእህቴ ልጅ፣ «ነገ ይመጣና ከርስዎ ጋር ይጨቃጨቃል። እርስዎም ይቅርታ ብለው ሰፍተው ይሰጡታል። ልጆችዎ ግን ውሸቱን የሚያውቁት እርስዎ ከሞቱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማን ጋ ሄደው ይጨቃጨቃሉ? እርስ በርሳቸው ነው። እያንዳንዱ አባቴ እውነተኛ ነው፣ የሚዋሸው ወንድሜ ነው፣ የምትዋሸው እህቴ ናት ይላል። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስምዎን ለማዳን ሲሉ ነው ልጆችዎ የሚጠፋፉት።»

ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። በዕድሜ የምታንስ ልጅ ለአዛውንት እንዲህ ስትናገር በሌላ ቀን ብሰማ እቆጣት ነበር፤ ያን ዕለት ግን አልተቆጣኋትም። ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ጻፊልኝ» አሉ። «ዛሬውኑ ጻፊልኝ። ለትንሹ ይሁን፤ ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ከሞትኩ በኋላ ይነበብ። በቁሜ ፊታቸውን ማየት አልችልም።»

«ይቻላል» አለች። «ሕጉ ለልጆችዎ ይንገሩ ብሎ አያስገድድዎትም። ግን ያ ወረቀት ሲነበብ ትልቁና መካከለኛዋ ምን የሚሉ ይመስልዎታል? አባታችን የነገረን ሌላ ነው፣ ይህ ወረቀት ሐሰት ነው፣ ትንሹ አሳስቶ ያስጻፈው ነው ይላሉ። ዛሬ ያዩት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ከአፍዎ የወጣውን በአፍዎ ይመልሱት፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ነው።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ በቀስታ።

«አይታሽም» አልኳቸው እኔ። «ሳይብስ ለወጌሻ ማሳየት ግን ይሻላል።»

ብዙ አሰቡ። ሲነሡ «እሑድ ልጆቼን ሱቅ እጠራቸዋለሁ፤ እናንተም ኑ» አሉን። «ሰው ካለ ሮጬ አላመልጥም።»

እሑድ ሱቁ ለደንበኛ ዝግ ነው። በጎን በር ገባን። ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ካውያ። መደርደሪያው ላይ እስከ ኮርኒሱ የተቆለለ ጨርቅ አለ፤ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በስፒል ተወግታለች። ጋሽ ሜትሮ ስም ያልተወጋበት ጨርቅ ላይ መቀስ አያሳርፉም፤ ቢቀላቀል ጠብ ያመጣል ይላሉ። የእህቴ ልጅ መደርደሪያውን አየችና እኔን አየችኝ።

ሦስቱ ልጆች ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል። አባታቸው ታመው መስሏቸው ተደናግጠዋል። እሳቸው ሊቀመጡ አልፈለጉም። ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ ጨርቅ ሲቆርጡ እንደሚያደርጉት ጎንበስ ብለው ተናገሩ።

«ይህን ሱቅ ላንተ ነው ብዬሃለሁ» አሉት ለትልቁ። «ጣራውን ያደስከው ያንን ሰምተህ ነው። ላንቺም ብዬሻለሁ። ላንተም ብዬሃለሁ። ሦስታችሁንም ዋሽቻችኋለሁ። እንዳትርቁኝ ብዬ ነው።»

ሹፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሣ። በሩ ድረስ ሄደ፤ አልወጣም። «ለሚስቴ ነግሬያት ነበር» አለ ጀርባውን እንደሰጠን። «ልጆቼ ያንን ሱቅ የኛ ነው እያሉ ነው የሚያድጉት። አሁን ምን ብዬ ልግባ?»

አባትየው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡ።

ትንሹ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየነካካ ቆየና «እኔም አልዋሽም» አለ። «ፋብሪካው ሲጠራኝ ያልሄድኩት ለሱቁ ብዬ ነው። አባዬን እወደዋለሁ፤ ግን ሱቁ ባይኖር ሄጄ ነበር።» ይህን ብሎ አቀረቀረ። እኔ ግን በልቤ አከበርኩት።

ሴት ልጃቸው ግን ግንባሯን ቋጥራ የሆነ ነገር ለማስታወስ የምትሞክር ትመስል ነበር።

«አባዬ፣ ለኔ እንዲህ ያልከኝ መቼ ነው?»

«እግሬን ታምሜ... እያጠብሽኝ ሳለሽ ነው።»

«እሱን ነው የምትለው?» አለች። «እኔ እኮ ትኩሳቱ የሚያስቀባዥርህ መስሎኝ ረስቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ» አለች ልጃቸው፣ አሁን ድምጿ እየቀጠነ፣ «እኔ አንተን ሳጥብ፣ ሌሊት ስነሣልህ፣ ልጄ አባቷን እየጠራች ስታለቅስ እዚህ ስቀር፣ ለሱቁ ብላ ነው እያልክ ነበር የምታየኝ?»

ሁላችንም አይ እንዲሏት ጠበቅን። እሳቸው ግን ያን ዕለት መዋሸት ይብቃኝ ብለው ነበር።

«አዎ» አሏት።

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ የወደቀ ስፒል አነሣችና መያዣው ላይ ሰካችው። ጋሽ ሜትሮ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ሜትሯቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። ከዚያ በፊት ያለሱ አይቻቸው አላውቅም። አንገታቸው ቀጭን ነው።

«የሰፈሩን ሰው ሁሉ ትከሻ ለክቻለሁ» አሉ። «ያንቺን ልክ ግን አላወቅሁትም።»

ከዚህ የከፋ እፍረት በሰው ላይ ሲደርስ አላየሁም። ጫማ ሰፊው ሞቶ ከዚህ ተርፏል፤ እሳቸው ግን በዓይናቸው አዩት። ቢሆንም ይህ እፍረት የመጣው በሕይወት እያሉ ነው፤ የምትቀየማቸው ልጅ ፊታቸው ተቀምጣለች፤ ይቅርታ የሚጠይቁበት አፍ አላቸው። ትልቁ ልጅ ከበሩ ተመልሶ መጥቶ የእህቱን ትከሻ ያዘ። ያን ሳይ የፍርድ ቤቱ አግዳሚ ታወሰኝ።

ሲረጋጉ የእህቴ ልጅ ነገሩን አስረዳቻቸው። በሚያውቁት ቋንቋ፣ ሳትቸኩል። ኑዛዜ የፍቅር መለኪያ እንዳልሆነ፣ የሚወርሰውን ሰው ምስክር ማድረግ እንደማይገባ፣ የተጻፈው በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነቦ ቀን ተጽፎበት መፈረም እንዳለበት፣ የሟች ዕዳ ካለ ከውርሱ በፊት እንደሚወጣ ነገረቻቸው። ሹፌሩ ብዙ ጠየቀ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ሱቁና የስፌት መኪናዎቹ ለትንሹ፣ ከሱቁ በስተጀርባ ያለው መኖሪያ ቤት ለሹፌሩና ለነርሷ እንዲሆን ተስማሙ። ትንሹም የጣራውን ወጪ ለወንድሜ እንደምከፍል በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ያን ቀን የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

«አንቺ ደግሞ» አሉ ጋሽ ሜትሮ ለልጃቸው፣ «ወደ ባልሽ ሂጂ።»

«ማን ያይሃል?»

«እኔ አለሁ» አለ ትንሹ።

በሳምንቱ ኑዛዜው ተነቦ ተፈረመ። ከምስክሮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ጋሽ ሜትሮ እንደፈሩት በማግስቱ አልሞቱም። ከዚያ በኋላ እንዲያውም ጥርስ አስተከሉ።

አንድ የቀራቸው ነገር ነበር፤ እሱን ማንም ሳይነግራቸው አደረጉት። የጫማ ሰፊውን ወንድ ልጅ ከሥራው፣ ሴት ልጁን ከቤቷ ጠርተው በታሸገው ሱቅ ደጃፍ አገናኟቸው። «አባታችሁ ለሁለታችሁም ብሏችኋል፤ ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከናንተ መሃል የዋሸ የለም» አሏቸው። ሴቲቱ ብዙ ሳትናገር ሄደች፤ እስከ ዛሬም ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው። ይገባታል። ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ ወንድምና እህት ለመካፈል ተስማምተናል ብለው ቀረቡ። ሱቁ ሲከፈት ቆዳው ሻግቷል፤ ሙጫው ደርቋል። ጫማዎቹን ግን ሁለቱ አብረው ቁጭ ብለው ለየባለቤቱ መለሱ። አባታቸውን ያለቀሱት ያን ቀን ነው ብላ አንዲት ጎረቤት ነግራኛለች።

እንግዲህ ኑዛዜ ሟርት ነው ለሚል ሁሉ የምለው ይህን ነው። ሞት ወረቀት አይቶ አይመጣም፤ ወረቀት አጥቶም አይቀርም። ኑዛዜ ያለበት ቤት ሐዘን ሲገባው ለማዘን ጊዜ ያገኛል፤ የሌለበት ግን ከቀብር ወደ ጠበቃ ነው። በሱቁ የሚተዳደር ሠራተኛ ሥራው አይቋረጥም፤ ንብረት ተቆልፎበት አይሻግትም፤ ወንድም ወንድሙን ሌባ አይለውም። ኑዛዜ ባይኖርም ሕግ ያካፍላል፤ ሕግ ግን የማን እጅ መቀስ እንደለመደ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው አባት ነው፤ እያወቀ ካልተናገረ ጥፋቱ የራሱ ነው። ደግሞም ልጆቹ የሚወዱት ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ በተስፋ ሊገዛቸው የሚነሣ ሰው፣ በነጻ የተሰጠውን ነገር ሊገዛ መሄዱ ነው።

ባለፈው ሳምንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ገባ አልኩ። ሴት ልጃቸው ከባሏ ዘንድ መጥታ ኖሮ የአባቷን እግር በርጩማ ላይ አድርጋ ታየው ነበር። ለምን እንደመጣች ማንም አልጠየቃትም። እኔም ያቺን የከረመች ጥያቄዬን ጠየቅሁ።

«ኮቴስ፣ ጋሼ?»

ጋሽ ሜትሮ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ልጃቸውን አዩና ጆሯቸው ቀላ።

«መምህር» አሉ፣ «ከርስዎ በፊት ሌሎች ሰዎች አሉ።»